ምርጫ ስንት ያወጣል? የአርፒጂ ጌም ገበያና ያመፁበት ጥቂቶች

አንድ ጌም ጥያቄ አቅርቦላችሁ አራት መልስ ደረደረላችሁ እንበል። የመጀመሪያው «እሺ» ነው። ሁለተኛው «እሺ፣ ግን ተናድጃለሁ» ዓይነት ነው። ሦስተኛው «መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ» ይላል፤ ጠይቃችሁ ስትጨርሱ መልሶ ወደ «እሺ» ያመጣችኋል። አራተኛው «አሁን አይመቸኝም፣ ኋላ እመለሳለሁ» ነው፤ ኋላ ስትመለሱም ያው «እሺ» ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ታዲያ ይሄ ምርጫ ነው?

ተጫዋቾች ይህን ቅሬታ አጥብቀው ያነሱት ቤተስዳ የተባለው ትልቅ ስቱዲዮ በኖቬምበር 2015 ፎልአውት 4ን ባወጣ ጊዜ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር፣ አንደርቴል የሚባል ሌላ ጌም ወጥቶ ነበር። አብዛኛውን ሥራ የሠራው ቶቢ ፎክስ የተባለ አንድ ወጣት ነው። ሥዕሉ የ1990ዎቹን መጫወቻዎች ይመስላል፤ ገጸ ባህሪዎቹ በድምፅ አይናገሩም፣ የሚሉት በጽሑፍ ነው የሚወጣው። ነገር ግን በዚህ ጌም አንድም ጭራቅ ሳትገድሉ መጨረስ ትችላላችሁ፤ ከገደላችሁም ዓለሙ አይረሳላችሁም።

እንዴት ነው ነገሩ? ገንዘብ የሞላው ስቱዲዮ ትንሽ ምርጫ ሲሰጥ፣ እጁ ባዶ የሆነው ልጅ ብዙ ምርጫ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

የተለመደው መልስ «ትልልቆቹ ስግብግብ ናቸው፣ ትንንሾቹ ጥበበኞች» የሚል ነው። መልሱ ደስ ይላል፣ ግን ብዙ አያስረዳም። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወጪው ላይ ነው። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጌም ውስጥ ያለ ምርጫ እንደ ማንኛውም ዕቃ የሚመረት ነገር ነው፤ ዋጋ አለው። ዋጋውን ማን፣ በምን እንደሚከፍል ካያችሁ፣ ገበያው ለምን እንዲህ እንደሄደና ያመፁት ለምን እንዳመፁ አብሮ ይገባችኋል። የአመፁ ድክመትም እንዲሁ።

የዛፉ ሒሳብ

አርፒጂ የሚባለው የጌም ዓይነት አንድ ገጸ ባህሪ ሆናችሁ የምትኖሩበት ነው። መነሻው ጠረጴዛ እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን አወጡ። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ አጫዋች ይቀመጣል፤ ሰው ነው። «በበሩ አልገባም፣ ጣሪያውን ቀድጄ ነው የምገባው» ብትሉት ትንሽ አሰብ ያደርግና «እሺ፣ ጣሪያው ላይ ወጣችሁ፤ በሉ ዳይስ ጣሉ» ይላችኋል። አዲስ ምርጫ ለመፍጠር ያወጣው ወጪ ትንፋሹን ብቻ ነው።

የምናወራላቸው የኮምፒውተር ጌሞች ይህን አይችሉም። እናንተ ጣሪያውን ቀድዳችሁ እንድትገቡ፣ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት «ይህን ጣሪያ የሚቀድ ይኖራል» ብሎ አስቦ፣ ጽፎ፣ ሥሎ፣ ኮድ አድርጎት መቀመጥ አለበት።

እስቲ እንቁጠር። ታሪኩ 10 ቦታ ላይ ሁለት ሁለት ምርጫ ቢሰጥና እያንዳንዱ ምርጫ የራሱን መንገድ ይዞ ቢሄድ፣ 2ን 10 ጊዜ ማባዛት ነው፤ 1,024 የተለያዩ ፍጻሜዎች ይወጣሉ። ምርጫው 20 ቦታ ላይ ከሆነ 1,048,576 ይደርሳል። ይህን ሁሉ ጽፎ የሚጨርስ ሰው አልተወለደም።

ስለዚህ ጌም ሠሪዎች ሁለት ዘዴ ይጠቀማሉ። አንደኛው ቅርንጫፉን መልሶ ከግንዱ ጋር መግጠም ነው፤ በቀኝም ሂዱ በግራ፣ ድልድዩ ጋ ትገናኛላችሁ። ሁለተኛው ማስታወስ ነው። ጌሙ «ነጋዴውን አድኖታል? አዎ ወይስ አይ» የሚል ትንሽ ምልክት ያስቀምጣል። ለኮምፒውተሩ ይህ 0 ወይም 1 ብቻ ነው፤ አሥር ምልክት አንድ ላይ 1,024 ሁኔታዎችን መለየት ይችላል፤ የሚይዘው ቦታ ግን ከምንም አይቆጠርም።

ማስታወስ ርካሽ ነው። ውድ የሚሆነው ላስታወሱት ነገር መልስ መስጠት ነው። ነጋዴውን እንዳዳናችሁ የሚያውቅ ጌም፣ ከአምስት ሰዓት ጨዋታ በኋላ የነጋዴው እህት መንገድ ላይ ስታገኛችሁ የምትለውን ነገር ማዘጋጀት አለበት። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ታወጣለች? የገበያው ታሪክ በሙሉ ያለው እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው።

ድምፅ ሲመጣ

በ1997 የወጣውን የመጀመሪያውን ፎልአውት እንውሰድ። ጥቂት ዋና ዋና ሰዎች ድምፅ አላቸው፣ ሌላው ሁሉ ጽሑፍ ነው። ገጸ ባህሪያችሁን ስትፈጥሩ የማሰብ ችሎታውን ዝቅ ካደረጋችሁት፣ የምትናገሩት ሁሉ የተኮላተፈ ይሆናል፤ ሰዎችም እንደዚያው ይመልሱላችኋል። የመጨረሻውን ጠላት ደግሞ ሳትተኩሱ ማሸነፍ ይቻላል። የሚፈጥራቸው ፍጥረታት መውለድ እንደማይችሉ ማስረጃ አግኝታችሁ ካሳያችሁት፣ ዕቅዱ ከንቱ መሆኑን ራሱ ያምናል። ይህ ሁሉ በዋነኛነት በጽሑፍ የተገነባ ስለሆነ ዋጋው የጸሐፊ ጊዜ ነበር።

አሁን ያንኑ ዓረፍተ ነገር በድምፅና በፊት እንቅስቃሴ አስቡት። ተዋናይ፣ የቀረጻ ስቱዲዮ፣ ከንፈሩን ከድምፁ ጋር የሚያገጥም አኒሜሽን፣ ካሜራ፣ ብርሃን ያስፈልጋል። ጸሐፊው አንዲት ቃል ልቀይር ቢል ተዋናዩ ተመልሶ መምጣት አለበት። በፎልአውት 4 የተጫዋቹ ገጸ ባህሪ ራሱ ይናገራል፤ ወንድም ሴትም ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱ ንግግሩ ሁለት ጊዜ ነው የተቀረጸው። እንግዲህ አምስተኛና ስድስተኛ ምርጫ መጨመር ምን ማለት እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት። በዚያ ላይ በኮንሶል መጫወቻው ላይ አራት ቁልፍ ነው የሚመቸው። አራቱ «እሺ»ዎች የተወለዱት ከዚህ ነው። ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የሒሳብ ውጤት ነው።

ቤተስዳም ትምህርቱን የወሰደ ይመስላል። በ2023 ባወጣው ስታርፊልድ የተጫዋቹ ገጸ ባህሪ ዝምተኛ ነው፤ መልሶቹም በጽሑፍ ተዘርዝረው ይቀርባሉ።

ተመሳሳይ ነገር በመንገድ ምልክቶችም ላይ ታያላችሁ። በ2002 በወጣው ሞሮዊንድ አንድ ሰው መንገድ ሲነግራችሁ ልክ እንደ አገር ሰው ነው፦ ወንዙን ተከትላችሁ ሂዱ፣ ድንጋዩ ጋ ስትደርሱ ወደ ምሥራቅ ታጠፉ። አንዳንዴም ትጠፋላችሁ። በ2006 በወጣው ተከታዩ ኦብሊቪዮን ግን ሁሉም ሰው በድምፅ ስለሚናገር ረጅም የመንገድ ገለጻ ከባድ ወጪ ነው። በቦታው ኮምፓስ ላይ ቀስት መጣች። በኔ ንባብ ቀስቷ ለተጫዋቹ ምቾት ብቻ አልመጣችም፤ የዝምታ ዋጋ ናት። ሰዎቹ ብዙ እንዲናገሩ ማድረግ ስላልተቻለ ቀስቷ ተናገረችላቸው። ተጫዋቹም አካባቢውን ማየት ትቶ ቀስቷን ማየት ጀመረ።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ቤተስዳ ለኦብሊቪዮን የፈረስ ጥሩር በ2.50 ዶላር ሸጠ። ጥሩሩ ለታሪኩ የሚጨምረው ነገር አልነበረም። ሰው ሁሉ ሳቀበት፣ ግን ገዛውም። ከወጪ አንጻር ካያችሁት ነገሩ ግልጽ ነው፦ አንድ ልብስ ሥላችሁ ለሚሊዮን ሰው መሸጥ፣ አንድ ጥሩ ምርጫ ጽፋችሁ ግማሹ ተጫዋች ሳያየው ከሚቀር ይልቅ በጣም ያዋጣል። ከዚያ በኋላ ገበያው በዚህ ቁልቁለት ወርዷል። በ2022 ዲያብሎ ኢሞርታል ሲወጣ በቤልጂየምና በኔዘርላንድስ ገበያ አልቀረበም፤ ምክንያቱ ዕድል እየገዙ መሞከርን የሚመለከተው የሁለቱ አገሮች ሕግ እንደሆነ ተነገረ።

የመጀመሪያው አመፅ፦ ትዝታን አስቀድሞ መግዛት

የድሮዎቹን የጽሑፍ ጌሞች ከሠሩት አንዱ የሆነው ብላክ አይል ስቱዲዮ በ2003 ተዘጋ። ለዓመታት አሳታሚዎች «ይህን ዓይነት ጌም ማንም አይገዛም» ሲሉ ቆዩ። አንድ ሰው ግን አልሰማቸውም። ጄፍ ቮገል በ1994 ስፓይደርዌብ ሶፍትዌርን አቋቁሞ፣ ደካማ ሥዕልና ብዙ ጽሑፍ ያለባቸውን ጌሞች ከአሜሪካዋ ሲያትል እየሠራ ኑሮውን ሲመራ ኖሯል። ብዙ ሰው ላይወድለት ይችላል። ወጪው ትንሽ ስለሆነ ግን የሚወዱት ጥቂቶች ይበቁታል። ፀረ ገበያ ማለት መፈክር ማሰማት ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ወጪን ዝቅ አድርጎ በራስ እግር መቆምም ነው።

ከዚያ 2012 መጣ። ኪክስታርተር በተባለው የሕዝብ መዋጮ መድረክ ዌስትላንድ 2 ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰበ። በዚያው ዓመት ኦብሲዲያን የተባለው ስቱዲዮ ኋላ ፒላርስ ኦቭ ኢተርኒቲ ለሆነው ጌም ከ74 ሺህ ገደማ ሰዎች ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። የአሳታሚ ገንዘብ የለም፣ ቀስት የለም፣ የፈረስ ጥሩር የለም። ተጫዋቹ ራሱ ለምርጫው አስቀድሞ ከፈለ።

ድሉ እውነተኛ ነበር። ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ከአድናቂዎቹ የምለየው እዚህ ነው። አስቀድሞ የሚከፍል ሰው የሚከፍለው ለሚያውቀው ነገር ነው። ያላየውን ነገር እንዴት ይገዛል? ስለዚህ መዋጮው የገዛው በብዛት ትዝታ ነበር፦ ካሜራው ከላይ ሆኖ የሚያይ፣ ስድስት ሰው ይዞ የሚዞር፣ የ1998ቱን ባልደርስ ጌት የሚያስታውስ። በ2015 የወጣው ፒላርስ ጥሩ ተጽፏል፣ ዓለሙም የታሰበበት ነው። ነገር ግን ከተማው ውስጥ ስትዘዋወሩ ስማቸው በወርቅማ ቀለም የተጻፈ ሰዎች ታገኛላችሁ። ነፍሳቸውን ስታነቡ ረጅም ታሪክ ይነበብላችኋል፤ ታሪኩ ግን ከጌሙ ጋር አይገናኝም። እነዚህ ብዙ ገንዘብ ያዋጡ ደጋፊዎች የጻፏቸው ገጸ ባህሪዎች ናቸው። ከፋዩ ዓለሙ ውስጥ ቦታ ገዝቷል ማለት ነው። እና ይሄ ከፈረስ ጥሩሩ በምን ይሻላል? በዓላማው ይሻላል እላለሁ። በውጤቱ ግን ሁለቱም ለታሪኩ የማይጠቅም ዕቃ ናቸው።

ትዝታም ያልቃል። የፒላርስ ሁለተኛው ክፍል በ2018 ሲወጣ የተጠበቀውን ያህል አልተሸጠም። የናፈቁትን አንዴ ያገኙ ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ያን ያህል አይናፍቁም።

ሁለተኛው አመፅ፦ መውደቅ ሲጣፍጥ

አንደርቴል ከትዝታ የተለየ ነገር ነው ያደረገው። ብዙ ቅርንጫፍ አልተከለም፤ ያንኑ ግንድ ደጋግሞ በተለያየ ቃል እንዲናገር አደረገው። ከላይ ያልናቸውን ርካሽ ምልክቶች በብዛት ተጠቀመ፦ ስንት ገደላችሁ፣ ማንን ማራችሁ፣ ጌሙን ዘግታችሁ እንደ አዲስ ጀምራችሁ እንደሆነ ሳይቀር ይይዛል። አንድን ገጸ ባህሪ ገድላችሁ ተጸጽታችሁ እንደገና ብትጀምሩ፣ ያደረጋችሁትን የሚያውቅ ሌላ ገጸ ባህሪ ይጠብቃችኋል። ድምፅ ስለሌለ ለዚህ ሁሉ ምላሽ መስጠት ጥቂት መስመር መጻፍ ብቻ ነው። ድህነቱን ወደ ጉልበት የቀየረ ንድፍ ይህ ነው።

በ2019 ደግሞ ዲስኮ ኢሊሲየም መጣ። የሠሩት ከኢስቶኒያ የተነሱ፣ መጀመሪያ የጌም ሰዎች ሳይሆኑ የጽሑፍና የሥዕል ሰዎች የነበሩ ናቸው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቃል አለው። እንደ ሌሎቹ አርፒጂዎች ሰይፍ የሚማዘዙበት የውጊያ ሥርዓት የለውም። ገጸ ባህሪው ስካር ያጠፋው መርማሪ ፖሊስ ነው፤ 24ቱ ችሎታዎቹ ጭንቅላቱ ውስጥ እንደ ሰው ይናገራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ አንዳንዴም ይዋሹታል።

የዕድል ሥርዓቱን ልብ በሉ። ሁለት ባለስድስት ገጽ ዳይስ ይጣላሉ፣ ችሎታችሁ ይደመራል። ሁለት ስድስት ከወጣ ሁልጊዜ ይሳካል፣ ሁለት አንድ ከወጣ ሁልጊዜ አይሳካም። የሁለቱም ዕድል ከ36 አንድ ነው፤ 2.8 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ምንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ መውደቅ የሚቻል ነገር ነው። ገጸ ባህሪያችሁን ደካማ አድርጋችሁ ከፈጠራችሁት ገና በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ከማራገቢያ ላይ ከረባቱን ለማውረድ ሲሞክር ልቡ ቆሞ ሊሞት ይችላል።

ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። እዚህ ጌም ውስጥ መውደቅ ብዙ ጊዜ ከመሳካት ይልቅ የተሻለ ጽሑፍ ያመጣል። ሲሳካላችሁ ትቀጥላላችሁ፤ ሲወድቅባችሁ ግን ስለ ሰውየው አዲስ ነገር ታውቃላችሁ። እዚህ ላይ ትችት ካለኝ፣ የምርመራው ታሪክ ራሱ እንደሚመስለው ብዙ ቅርንጫፍ የለውም፤ ብታደርጉም ባታደርጉም ጉዳዩ ወደ አንድ አካባቢ ነው የሚደርሰው። የሚለወጠው የምትሆኑት ሰው ነው። ይሄ ግን ማታለል አይመስለኝም፤ ገንዘባቸው የቱ ላይ ቢወድቅ እንደሚጠቅም አውቀው የመረጡት ነው።

ቀጥሎ የሆነው ያሳዝናል። በ2022 የጌሙ መሪ ጸሐፊና ነዳፊ ሮበርት ኩርቪትዝና ሌሎች ዋና ፈጣሪዎች ከኩባንያው መውጣታቸው ተሰማ፤ ያለፈቃዳቸው እንደሆነ ተነገረ፤ ኩባንያው ደግሞ በበኩሉ ሌላ ምክንያት አቀረበ፤ ክርክሩም ወደ ሕግ ሄደ። ማን ልክ እንደሆነ እኔ አልፈርድም። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን ይታያል፦ ገበያን የሚተች ጌም ራሱ ዕቃ ነው፤ ስሙ፣ ዓለሙ፣ ገጸ ባህሪዎቹ ንብረት ናቸው። የጻፈው ሰው ሄዶ ስሙ ሊቀር ይችላል። አመፁን የሚጽፈው አንድ፣ የሚይዘው ሌላ ሊሆን ይችላል።

አማፂው ሲያሸንፍ

ምናልባት እስካሁን «ባልደርስ ጌት 3ስ?» እያላችሁ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ከቤልጂየሟ ጌንት የተነሳው ላሪያን በ2023 ያወጣው ይህ ጌም ተራ በተራ የሚዋጉበት፣ ዳይስ የሚጣልበት፣ በጽሑፍ የተሞላ ነው። ሊቃውንቱ «አይሸጥም» ያሉት ዓይነት ጌም ማለት ነው። ስቲም ላይ ብቻ በአንድ ቅጽበት ከ875 ሺህ በላይ ሰው ተጫውቶታል፤ የዓመቱ ምርጥ ጌም ሽልማትንም ወስዷል። ደግሞም ሁሉም ሰው ይናገራል፣ ሁሉም ፊት ይንቀሳቀሳል። ታዲያ ሒሳቤ ፈረሰ?

አልፈረሰም። ላሪያን ዋጋውን ከፈለ። ከ400 በላይ ሰው፣ ብዙ ዓመት ሥራ፣ በዚያም ውስጥ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ሦስት ዓመት ገደማ ያላለቀውን ጌም ለተጫዋቾች እየሸጠ አስተያየታቸውን ሰበሰበ። ከሁሉም በላይ ከፊቱ ቆሞ «በዚህ ሩብ ዓመት አውጣው» የሚል የውጭ አሳታሚ አልነበረበትም። ምርጫውም ሥዕሉም እንዲኖር ጊዜ መክፈል ነበረበት፣ ከፈለም።

ያም ሆኖ ዛፉ መጨረሻ ላይ ከብዶታል። ቅርንጫፎች የሚበዙት ወደ ጫፍ ነውና፣ ጌሙ ሲወጣ ተጫዋቾች የሳሳ ሆኖ ያገኙት ሦስተኛውን ክፍል ነበር። ካርላክ የተባለችው ተወዳጅ ገጸ ባህሪ የመጨረሻ ትዕይንቷ የተጨመረው ከወጣ በኋላ በኦገስት መጨረሻ በመጣ ማሻሻያ ነው፤ ሁሉም የሚሰናበትበት የመዝጊያ ግብዣ ደግሞ በኖቬምበር መጨረሻ ላይ።

ሌላም የማልወድለት ነገር አለ። በጌሙ ውስጥ ካርሚክ ዳይስ የሚባል ቅንብር አለ፤ ካላጠፋችሁት ከመጀመሪያው በርቶ ነው የሚገኘው። ሥራው ተከታታይ መጥፎ ዕድል እንዳይደርስባችሁ ዳይሱን በስውር መግፋት ነው። ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም እዚህ ጌም መውደቅ ብዙ ጊዜ በር ይዘጋል እንጂ አይከፍትም። ዲስኮ ኢሊሲየም ውድቀቱን ስላጣፈጠው ዳይሱን መግፋት አላስፈለገውም። ዳይሱን የሚያባብል ጌም ሠሪ ውድቀትን መጻፍ እንዳልጨረሰ እየነገራችሁ ነው።

ገና ጌሙ ሳይወጣ አንዳንድ ጌም ሠሪዎች «ይህን ሁሉም የሚለካበት መስፈርት አታድርጉት» ብለው ነበር። ብዙ ተጫዋች ተቆጣቸው፣ ሰበብ ነው አላቸው። እኔ ግን ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። መስፈርቱ የላሪያን ሥዕልና ድምፅ ከሆነ፣ ነገ የሚመጣው ሌላ ስቱዲዮ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ሲያጣ መጀመሪያ የሚቆርጠው ምርጫውን ነው። ያኔ ተመልሰን አራቱ «እሺ»ዎች ጋ እንገናኛለን። መስፈርቱ «ጌሙ ያደረግሁትን ያስታውሳል ወይ?» ከሆነ ግን አንድ ሰውም ሊያሟላው ይችላል።

አማርኛ ቢሆንስ?

እስካሁን ቃል ርካሽ ነው ብያለሁ። ለማን? ባልደርስ ጌት 3ም ዲስኮ ኢሊሲየምም በአማርኛ አልወጡም። አንድ ሚሊዮን ቃል የሚተረጉም ሰው በቀን 2,000 ቃል ይሠራል ብንል እንኳ 500 የሥራ ቀን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ስለሆነ ዋናው ችግር ፊደሉ አይደለም። ሌላ፣ ለንድፍ ሰው የሚያጓጓ ችግር አለ።

እንግሊዝኛ ተጫዋቹን በአንድ ቃል ይጠራዋል። አማርኛ ግን «የት ነበርክ?»፣ «የት ነበርሽ?»፣ «የት ነበሩ?» ይላል፤ ቡድን ከሆነ ደግሞ «የት ነበራችሁ?»። አንድ የእንግሊዝኛ መስመር አራት ሆነ። መጨረሻ ላይ ቅጥያ እየቀየረ የሚለጥፍ ትንሽ ኮድ ይበቃል እንዳትሉ፣ «ውሰድ» ለሴት ሲሆን «ውሰጂ» ይሆናል፤ ፊደሉ ራሱ ይለወጣል፤ ለአክብሮት ሲሆን «ይውሰዱ» ብሎ ከፊትም ከኋላም ይቀየራል። በድምፅ የሚሠራ ስቱዲዮ ይህን ሲሰማ ይሸሻል።

በጽሑፍ ለሚሠራ ሰው ግን ይህ ሀብት ነው። አስቡት፦ አንዲት የሰፈር ጠላ ሻጭ መጀመሪያ «ምን ልታዘዝ?» ትላለች፤ የዋሻችኋት ጊዜ «አንተ፣ ና ወዲህ» ትላለች፤ ልጇን ከአደጋ ካተረፋችሁላት ደግሞ «ልጄ» ብላ ትጠራችኋለች። ወይም ትናንት «ጋሼ» ይላችሁ የነበረ ሊስትሮ ዛሬ በስማችሁ ይጠራችኋል፤ ለምን እንደሆነ ጌሙ አይነግራችሁም። የግንኙነት መለኪያ ቁጥር ማያ ገጹ ላይ ማሳየት አያስፈልግም፤ «እርስዎ» ወደ «አንተ» ሲወርድ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ይሰማዋል። መቀራረብ ነው ወይስ ንቀት? ያንን ደግሞ ተጫዋቹ ይፍታው። ይህን ምርጫ የትኛውም ሀብታም ስቱዲዮ በእንግሊዝኛ ሊሠራው አይችልም፤ ዋጋው ግን ጥቂት ምልክትና የጸሐፊ ጊዜ ነው።

መሞከር ለሚፈልግ ቱዋይን የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ። ክሪስ ክሊማስ በ2009 ያወጣው ነው፤ የሚሠራው ነገር በድረ ገጽ ማሳያ ስለሚከፈት የግዕዝ ፊደል ይቀበላል፣ አሮጌ ኮምፒውተርም ይበቃዋል። ትልቅ ዓለም አታስቡ። አንድ ግቢ፣ ሦስት ሰው፣ ሦስት ምልክት ይዛችሁ ጀምሩ፤ ሦስት ምልክት ስምንት ሁኔታ ነው፣ በእጅ ይጻፋል። ከስምንቱ ቢያንስ ሦስቱ ውድቀት ይሁኑ፣ እነሱንም ከስኬቱ አስበልጣችሁ ጻፏቸው። ከዚያ ለአንድ ጓደኛችሁ ስጡትና ሳትረዱት፣ ሳታስረዱት ጎን ቁጭ በሉ። ጨርሶ ሲያበቃ «ቆይ፣ እንዲህ ባልላትስ ኖሮ?» ብሎ እንደገና ከጀመረ፣ ምርጫው ዋጋውን አውጥቷል።